ሞተሩ ይውረድ!

በአማርኛችን ጉልበት ካላቸው ቃላት አንዱ «ይውረድ» ነው። ሹም ሲያስመርር ይውረድ ይባላል፤ አሠልጣኝ ሲሸነፍ ይውረድ ይባላል፤ መኪና አልነሳ ሲል ደግሞ ጋራዥ ውስጥ «ሞተሩ ይውረድ» ይባላል። ቃሉ በሦስቱም ቦታ አንድ ጥቅም ይሰጣል፤ ከመመርመር ያድናል። ምን እንደተበላሸ ሳናውቅ ምን እንደምናደርግ አውቀን እናርፋለን። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሦስተኛው ይውረድ ነው። ሁለቱ ወንድሞቹ ግን መሀል ላይ ብቅ ማለታቸው አይቀርም።

አባቴ አስተማሪ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ከደመወዙ ቆጥቦ፣ የጎደለውን ተበድሮ፣ አንዲት ነጭ ቮልስዋገን ገዛ። የአዲስ አበባ ሰው ባጭሩ «ቮልስ» የሚላትን፣ ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠውን ማለቴ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ራዲያተር የላትም፣ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ለአስተማሪ የተመቸች መኪና ነበረች። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በደርግ ዘመን እንኳ አባቴ ኩፖኑን እንደ ዳዊት በኪሱ ይዞ፣ የወሩን ጉዞ በደብተር እያሰላ፣ እኛን ለቅሶም ሠርግም ያደርሰን ነበር።

በ1978 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ቀን ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ቸርችል ጎዳናን ስንወጣ ቮልሷ መሀል ዳገት ላይ አንዴ ሳል አለችና ቀጥ አለች። አባቴ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ደግሞ አዞረ። ያው ነው። እኔ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ወርጄ ገፋኋት። ቁልቁል ለቀናት፣ በሁለተኛ ማርሽ ሞከረ፤ አሁንም እምቢ። አላፊ አግዳሚው እየተሰበሰበ ምርመራውን ጀመረ። አንዱ «ባትሪ ነው» አለ። ሌላው «ቤንዚን ጨርሳችሁ ነው» አለ። አንድ ሦስተኛ ደግሞ «ይቺ እኮ ያለቀላት ናት» አለ። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛውም ሕዝብ መሀል አይጠፋም።

ተጎትታ ጋራዥ ገባች። የጋራዡን ስም ትቼዋለሁ፤ ሰውየውም በሕይወት ስለመኖሩ አላውቅም። ኮፋኖውን ከፈተ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አስዞረ፣ ጆሮውን ደቀነ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና «ጋሼ፣ ፒስተኑ አልቋል። ሞተሩ ይውረድ» አለ። አባቴ ዋጋውን ጠየቀ። ዋጋው የብዙ ወር ደመወዝ ነበር። እሱም ቢከፈል መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ እጦት ከገበያ የጠፋበት ጊዜ ነው። አባቴ ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ቤቷ ትቁም» አለ። ጓሮ በሸራ ተሸፍና ቆመች። አባቴ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 1989 ዓ.ም.፣ አንድም ቀን መሪ አልጨበጠም። 11 ዓመት በእግሩና በአንበሳ አውቶቡስ ተመላለሰ። መጨረሻ ላይ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ቤቱ ተቀመጠ።

መካኒኩ አጭበርብሮን ነው ወይስ አላወቀም? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ዛሬ የማስበው ሌላ ነው። መኪና ወደዚህ አገር የመጣበትን መንገድ ስናይ፣ የሰውየው ፍርድ ከአየር ላይ የወረደ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ወልስሊ የተባለች መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ የመኪና መንገድ የሚባል ነገር በሌለበት በረሃና ዳገት አልፎ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ፊት አቀረባት። ብዙ ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባለውን የአገሩን መኪና ይዞ ደረሰ። ከእነሱም በፊት አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ምኒልክ አዲስ ነገር ሁሉ እንደሚያጓጓቸው የታወቀ ነው፤ በአውቶሞቢሉም ተሳፈሩ። ልብ በሉ ግን፤ መኪናው የመጣው ነጂውንና አዋቂውን ይዞ ነው። ቢቆም የሚያስነሣው የሩቅ አገር ሰው ነው። እኛ መኪናን መጀመሪያ ያየነው እንደ ተአምር ነው። ተአምር ሲቆም ደግሞ ማን «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል?

«ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይናገራል። ከጣሊያኖች «ቫፖሬ» ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ አፍ ዞሮ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም እንፋሎት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ በሐዲድ የሚሄደውም ባቡር፣ መንገድ የሚዳምጠውም ባቡር፣ እህል የሚፈጨውም ባቡር ሆነ። እየጮኸ በራሱ የሚሠራ ነገር ሁሉ አንድ ስም ወጣለት።

ዝርዝሩ የመጣው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን መንገድ ሠራ፣ የጭነት መኪና አጎረፈ፤ ልጆቻችን ሥሩ ገብተው ብሎን አጠበቁ። እንዲያ ሆኖ ነው ዛሬ ከሾፌርና ከመካኒክ ጋር ስናወራ ግማሹን በጣሊያንኛ የምናወራው። መኪና፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ኮፋኖ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፤ ታርጋውም፣ ቦሎውም ሳይቀር። ጠላት ሲወጣ መድፉን እንጂ ቃሉን ይዞ አልወጣም። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ የተውሶ ቃላትን ለተማሪዎቼ የማሳየው ከጋራዥ ነበር። ከዚህ የበለጠ ሕያው መዝገበ ቃላት የትም አላገኘሁም።

ይሁን እንጂ ስም ማወቅና ነገር ማወቅ ለየቅል ናቸው። ተግባረ ዕድን በመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ነበሩ፤ አብዛኛው መካኒክ ግን ሙያውን የተማረው ከመኪና ሥር ተኝቶ፣ መፍቻ እያቀበለና ኩርኩም እየቀመሰ ነው። እጁ ተማረ። መጽሐፉ ግን ወይ በጣሊያንኛ ወይ በእንግሊዝኛ ወይ በጀርመንኛ ስለሆነ «ለምን» የሚለው ክፍል ብዙ ጊዜ ሳይተረጎም ቀረ። እጅ የሚያውቀው መፍታትና መግጠም ነው። ስለዚህ ግራ ሲገባው ይፈታል። «ይውረድ» የግራ መጋባት ልጅ ነው።

አሁን ወደ ጓሯችን እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. እናቴ «ይህን ቆርቆሮ አንሡልኝ፣ አይጥ ቤት አደረገው» ማለት አበዛች። ለቆራሌው ልንሰጠው ጫፍ ደርሰን ነበር። በመሀሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ለሌላ ቮልስ በር ሊገዙ መጡ። ሸራው ሲገለጥ በሩን ትተው ዙሪያዋን አዩዋትና «ምን ሆና ነው የቆመችው?» አሉ።

«ፒስተኗ አልቆ ነው» አልኩ።

«እሱን ማን አለ?»

«መካኒክ።»

«መካኒኩ ያለውን አልጠየቅኩህም፣ ልጄ። እሷ ምን አለች? ስትቆም ምን አደረገች? ከመቆሟ በፊትስ?»

አፈርኩ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ክፍል ገብቼ «ጽሑፉን ሳታነቡ ሰው ስለ ጽሑፉ የጻፈውን አትጥቀሱልኝ» እያልኩ ተማሪ የማስጨንቅ ሰው ነኝ። የአባቴን መኪና ግን ለ14 ዓመት በሰው አፍ ሳነብ ኖሬያለሁ። ቁጭ ብዬ የማስታውሰውን ተናገርኩ። ከመቆሟ በፊት ባሉት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ታስቸግር ነበር። ዳገት ላይ ትደክም ነበር፤ ከወትሮዋ በላይም ትሞቅ ነበር። የቆመች ቀን ግን ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ ያዞረው ነበር።

ሽማግሌው ሣቁ። «እንግዲያው ግማሹን መልስ ነግረኸኛል» አሉ። ከዚያ ያስተማሩኝን ነገር፣ አሮጌ መኪና ያላችሁ እንድትጠቀሙበት፣ የሌላችሁም ለሌላ ጉዳይ እንድታስቀምጡት እነሆ እላለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም?» ነው። ቁልፍ ስታዞር ጭራሽ ዝም ካለ ወይም «ቀጭ» ብሎ ከቀረ፣ ነገሩ ያለው ባትሪው፣ የባትሪው ገመድ ወይም ሞተሪኖው ዘንድ ነው። መብራት አብርተህ እያየህ ቁልፉን አዙር፤ መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ወይም ገመዱ ነው። ሞተሩ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ግን ባትሪውን ተወው፤ የጎደለው ሌላ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ «ባትሪ ነው» ያለው ሰው በዚህች አንዲት ጥያቄ ይወድቅ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ «እሳት አለ?» የሚለው ነው። የቤንዚን ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ቤንዚን ከአየር ጋር፣ እሳት በሰዓቱ፣ እና አፍኖ የሚጨምቅ ፒስተን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይነሣም፤ ሦስቱም ካሉ ባይወድም ይነሣል። ከቦቢናው የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ነቅለህ፣ ጫፉን በደረቅ ነገር ይዘህ፣ ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀህ አስዞር። ሰማያዊ እሳት ቀጭ ቀጭ ካለ እሳት አለ። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ በሽታው ቦቢናው፣ ኮንደንሰሩ ወይም ፑንቲናው ዘንድ ነው። ይህን ሲሞክሩ አጠገብ የፈሰሰ ቤንዚን መኖር የለበትም። ቮልስ በዚህ በኩል ስም አላት፤ የቤንዚን ጎማዋ አርጅቶ በተሰነጠቀ ጊዜ ሞተሯ ላይ እሳት ይነሣል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ቤንዚን ይደርሳል?» ነው። ሰልባትዮ ውስጥ መኖሩ አይበቃም። የአየር ማጣሪያውን አንሥተህ፣ የካርቡራተሩን ጉሮሮ እያየህ ነዳጅ መስጫውን በእጅህ ሳብ። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ፊጭ ካለ ደርሷል። ካላለ ማጣሪያው ደፍኗል፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም ቤንዚኑ በሙቀት መስመሩ ውስጥ ተንኖ ቧንቧውን በእንፋሎት ዘግቶታል። ይህ የመጨረሻው እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ይብሳል። እዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲወዳደር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፈሳሹም ቶሎ ይተናል። በዚያው በሳሳው አየር ምክንያት ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ጀርመን አገር የተስተካከለ ካርቡራተርም እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የማይመጥን ቤንዚን ያፈስሳል። አንዳንዱ «አረጀ» የምንለው ሞተር ያላረጀ፣ ከፍታው ያልተነገረው ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ጥያቄ «ፒስተኑ ይጨምቃል?» ነው። መጨረሻ የሚጠየቀው፣ ለማወቅም ለማዳንም ብዙ ድካም ስላለው ነው። የኛ ሰውዬ የጀመረው ከዚህ ነበር።

ሽማግሌው አራቱን ካንዴላዎች ፈትተው መዳፋቸው ላይ ደረደሯቸው። «ካንዴላ ማንበብ ትችላለህ?» አሉኝ። አልችልም። «ጥቁር ጥላሸት ካለበት ቤንዚን በዝቷል። ዘይት ከጠጣ ፒስተኑ ወይም ቫልቩ አልቋል። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ተቃጥሏል። ይሄ ምን ይመስላል?» አራቱም ማኪያቶ ይመስላሉ። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ቡናማ። «ይሄ የጤነኛ ሞተር ካንዴላ ነው» አሉ። በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረጉና ጊዜ ሰጡት። ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሰው የሞተሩን ጎማ መዘውር በመፍቻ በእጃቸው አዞሩ። እየዞረ አራት ቦታ ላይ ይገታቸዋል፤ አራቱም መገታት እኩል ነው። «አራቱም ይተነፍሳሉ። ያለቀ ፒስተን እንዲህ አይገፋም።»

ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሡ። ፑንቲና የምትባለው ነገር ሁለት ትናንሽ የብረት ጫፎች ናት፤ እየተከፈተችና እየተዘጋች የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ትቆርጣለች። እሳት የሚፈጠረው ስትከፈት ነው። የምትከፈተውም ከጎኗ ያለች የጣት ጥፍር የማታክል ቡናማ ቁራጭ የሚዞረውን አራት ማዕዘን ዘንግ እየታከከች ስለምትገፋ ነው። ሽማግሌው መዘውሩን አንድ ሙሉ ዙር፣ ደግሞ ሌላ ዙር አዞሩ። ፑንቲናዋ ፈጽማ አልተከፈተችም። ቡናማዋ ቁራጭ ተፍቃ አልቃለች።

ነገሩ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ተነበበልኝ። ቁራጯ ቀስ በቀስ ስትፋቅ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል፣ ይደክማል። ስለዚህ ነው ጠዋት ያስቸገረችው፣ ዳገት ላይ የደከመችው፣ የሞቀችው። ጭራሽ ሲዘጋ እሳቱ ጠፋ፤ ቆመች። የቆመችበት ምክንያት 14 ዓመት ሙሉ በክዳን ተሸፍኖ እንደ ደብዳቤ ሲጠብቀን ኖሯል። «ለምን ተፋቀች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ዘንጉ ላይ ትንሽ ግራሶ መቀባት ነበረበት። የጤፍ ፍሬ ታህል። ደረቅ ነው፣ ተመልከተው።»

ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ፑንቲና ገዛሁ። ዋጋዋን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ ለሁለት ሰው ምሳ አይበቃም ነበር። ሽማግሌው በ0.4 ሚሊ ሜትር ቅጠል ክፍተቷን ለኩ። ሰልባትዮውን አራግፈው፣ ሙጫ የሆነውን ቤንዚን ከካርቡራተሩ አጥበው፣ ዘይቱን ለውጠው፣ የሰው ባትሪ አስረው ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። በአራተኛው ሙከራ ነጭ ጭስ ተፋችና ያ የማውቀው የቮልስ ድምፅ ጓሮውን ሞላው። እናቴ ከጓዳ ወጣች። አልተናገረችም። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

እኔ የደስ ደስ የሚል ነገር የተሰማኝ ለትንሽ ጊዜ ነው። ወዲያው የመጣብኝ ሌላ ነው፤ አባቴ በዝናብ ጃንጥላ ይዞ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ። 11 ዓመት፣ በጤፍ ፍሬ ታህል ግራሶ! ከዚያም የባሰ አለ። ማስረጃው እኮ በእጃችን ነበር። ሞተሪኖው እንደሚያዞረው ሰምተናል። ጠዋት እንደምታስቸግር እናውቃለን። መካኒኩ የሚያውቀውን እኛ አናውቅም እንጂ፣ እኛ የምናውቀውን እሱ አልጠየቀንም፤ እኛም አልነገርነውም። አንድ ሰው «ይውረድ» አለ፤ ሁላችንም ዝም አልን።

ይህ ለአንድ ቮልስ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። የ1966ን ነገር አስታውሱ። አብዮቱ በምን ተነሣ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የካቲት 11 ቀን የተጀመረውን የታክሲ ነጂዎች አድማ ነው። እውነት ነው፤ በዓለም ገበያ ዘይት ተወዶ እዚህም ቤንዚን ተጨመረበት፤ ታክሲዎች ቆሙ፤ ከተማው ቆመ። መንግሥት በቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ። አገሩ ግን አልተነሣም። ምክንያቱም የታክሲው አድማ የመጨረሻው ሳል እንጂ በሽታው አልነበረም።

ከዚያ በፊት በጥር ወር ነገሌ ቦረና ላይ የነበረው ጦር አምፆ ነበር። ወታደሮቹ ካመፁባቸው ነገሮች አንዱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የውኃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ነው። የተራው ወታደር ፓምፕ ቆመ፤ የመኮንኖቹ ግን ይሠራል፤ ወታደሮቹ ከመኮንኖቹ ውኃ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ጉዳዩን እንዲያዩ የተላኩት ጄኔራል ድረሴ ዱባለ በወታደሮቹ ተይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረጉ። ያ አገር የወደቀው በአንድ ፓምፕ ነው አልልም፤ የወሎ ረሃብ ነበር፣ የመሬት ጥያቄ ነበር፣ ብዙ ነገር ነበር። ግን የአገሩ በሽታ በዚያች ፓምፕ ላይ ተጽፎ ይነበብ ነበር። የቆመ ነገር ለምን እንደቆመ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ውኃ የጠማው ለሚጠጣው መንገር አልቻለም። ጠዋት ጠዋት ታስቸግር የነበረች መኪና ናት።

በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የካቢኔው ይውረድ መጣ፤ ቀጥሎ የሁሉም ይውረድ መጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችውም ቮልስዋገን ነበረች። ሞተሩ ወረደ። ከወረደ በኋላ ግን ፑንቲናዋን ያየ፣ ግራሶውን የጠየቀ ስንት ነበር? ሞተር ማውረድ አንዳንድ ጊዜ ግድ ነው፤ እኔም አልክድም። የወረደ ሞተር ግን በሽታው ካልታወቀ ተመልሶ ሲሰቀል በሽታውን ይዞ ይሰቀላል።

ቮልሷ ዛሬም አለች፤ እሑድ እሑድ አስነሣታለሁ። እህቶቿ መመረት ያቆሙት በ1995 ዓ.ም. ክረምት ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተው ነበር። እኛ አገር አሮጌ መኪና ዕድሜው የሚረዝመው አዲሱ ስለማይቀመስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ክልከላው ተነገረ። መንገዳችን ላይ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ካንዴላ የላቸውም፤ ፑንቲና የላቸውም፤ ካርቡራተር የላቸውም። ያ ሁሉ ጣሊያንኛ ሥራ ፈት ሊሆን ነው።

ነገሩ ያሳስበኛል፤ ለካንዴላው አዝኜ ግን አይደለም። እንደ 1900ው ዘመን፣ እንደገና ተአምር እየገዛን እንዳይሆን ነው። በቅርቡ የአንድ ወዳጄ የኤሌክትሪክ መኪና መንገድ ላይ ቆመችበት። ያስገባበት ቤት ያለ ወጣት አየት አደረገና «ባትሪው አልቋል፤ ይውረድና ይቀየር» አለው። የትልቁ ባትሪ ዋጋ ደግሞ የመኪናውን ዋጋ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። ወዳጄ ደወለልኝ። እኔ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የማውቀው የለም፤ ግን ጥያቄውን አውቃለሁ። «ስትቆም ምን አደረገች? ከዚያ በፊትስ?» አልኩት። «ሰሞኑን ስከፍታት መብራቷ ብልጭ ድርግም ይል ነበር» አለኝ። «ይህን ለልጁ ነግረኸዋል?» «አልጠየቀኝም።» ሌላ ቦታ ወሰዳት። ለካ እነዚህ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ፣ እንደ ጥንቱ ያለ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከደከመ ትልቁ ሙሉ ሆኖም መኪናዋ አትነቃም። የሞተው እሱ ነበር።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኔ የምለምናችሁ ከዚህ ያነሰ ነው። የቆመ ነገር ፊት ስትቆሙ፣ መኪናም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ ትዳርም ይሁን አገር፣ «ይውረድ» ከማለታችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ፤ ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደ ከባዱ። ሌላው «ይውረድ» ሲልም የምታውቁትን ይዛችሁ ዝም አትበሉ። እኔ በ17 ዓመቴ «ሞተሪኖው እኮ ያዞረዋል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ነበረች። ታላላቆች ሲነጋገሩ አይገባም ብዬ ዋጥኳት።

ሽማግሌው መካኒክ ያን ቀን የድካማቸውን አልቀበልም አሉ። ሲወጡ ያለቀችዋን ፑንቲና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እስካሁን መጻፊያ ጠረጴዛዬ ላይ አለች። ሰው ሲያስቀይመኝና ብዕሬ «ይውረድ» ብላ ልትጽፍ ስትነሣ፣ መጀመሪያ እሷን አያታለሁ።